የቀይ ቀበሮው ድምፅ

ቃላቱን አንድ በአንድ በትክክል ላላስታውስ እችላለሁ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። የደባርቅ ወጣቶች ክበባችን ስለ ቀይ ቀበሮ አጭር ፊልም ሠርቶ በማግሥቱ ገበያ ላይ ለገበሬዎች ሊያሳይ ነበር። ሙቀቱ እየጨመረ እርሻው ወደ ተራራው ሽቅብ ሲወጣ የአውሬው መኖሪያ ጠቧል። ገበሬው ደግሞ በግ ይበላብኛል ብሎ ይገድለዋል፤ እሱ ግን በአብዛኛው የሚያድነው አይጥ ነው። ድምፁን ያቀናበርሁት እኔ ነኝ። ለጥንቃቄ ብዬ አስቀድሜ ለሰፈራችን የዜማ መምህር፣ ለየኔታ፣ በላፕቶፕ አሳየኋቸው።

ቀበሮው ሲጮኽ የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «መልስ!» አሉኝ፣ ዜማ የሳተ ተማሪ እንደሚያስቆሙ። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስሁ። «አሁንም መልስ!» ሦስት ጊዜ ሰሙት።

«ልጄ፣ መልኩ የቀይ ቀበሮ ነው። ድምፁ ግን የዚያ በግ የሚፈጀው የተራው ቀበሮ ነው። ይህን የሰማ ገበሬ ፊልምህን አይቶ ዱላውን ይዞ ነው የሚነሣ።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ስሙን አይቼ ከኢንተርኔት ነው ያወረድሁት።»

«እንግዲያ ኢንተርኔትህንም ዜማ ቤት አስገባው!» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ደነገጥሁ። ስንቱን ቀበሮ ላስገድል ነበር! ጉልበታቸውን ስሜ፣ እዚያው ፊታቸው ድምፁን አወጣሁት።

በኋላ ስሜን ተራሮች ውስጥ ቡይት ራስ ለሚሠሩ አንድ የፓርክ ጠባቂ የመጀመሪያውን ድምፅ አሰማኋቸው፤ የተራ ቀበሮ ነው አሉ። ከየኔታ ጎረቤትም አንድ ነገር አረጋገጥሁ፤ በዚያው ሳምንት ተራው ቀበሮ የየኔታን አንዲት በግ በልቶባቸው ነበር፤ ለካ ድምፁን ያወቁት ለዚህ ነው።