የጋሼ ዘከሪያ «አላውቅም»

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብቻዬን መዋልን የለመድኩት ይመስለኝ ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት የኮቴ ቁልፍ ተበጥሶ ቢጠፋብኝ ከሲኒማ ራስ ወርጄ ወደ አንዋር መስጊድ ሰፈር ሄድኩ። ከአንድ የገበር ጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሽማግሌው ባለሱቅ ጋሼ ዘከሪያ ተቀምጠው፣ ከካርቶን ላይ የላኪውን አድራሻ በምላጭ ይፍቃሉ።

«ቡናማ የኮት ቁልፍ ይኖርዎታል?» አልኳቸው።

«የለም።»

«የት አገኝ ይሆን?»

«አላውቅም» አሉ ቀና ሳይሉ።

የጎረቤታቸው ሱቅ በር ከላይ እስከ ታች ቁልፍ ተሰቅሎበታል። ቡናማው ከትከሻቸው አንድ ክንድ አይርቅም። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት።

የዚያች ሱቅ ባለቤት ሀፍሷ ትባላለች። ንግድ ሥራ ተምራ የእናቷን ሱቅ የያዘች ወጣት ናት። ቁልፌን እየመረጠችልኝ፣ ሽማግሌው አድራሻ የሚፍቁት ዕቃ የሚያመጡበት ቦታ እንዳይታወቅ መሆኑን ነገረችኝ። እሳቸውም ሰምተው መለሱ። አባታቸው ከወሎ መጥተው ሱቁን ሲከፍቱ ያስተማሯቸው ይህንኑ ነው። ምክሩን የጣሱት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያኔ አስመጪያቸውን ያስተዋወቁት ሙናዊር የሚባል ባልንጀራቸው በወሩ ያንኑ ጨርቅ ፊት ለፊታቸው ሰቀለ።

«ሙናዊር በድሎዎታል፣ ጋሼ» አለች ሀፍሷ በትሕትና። «ግን ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁላችንንም ሙናዊር አደረጉን።»

የመስመሩ ነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፕ እንዳላቸው፣ አንዱ ዘንድ የጠፋው ዕቃ ከሌላው እንደሚመጣ፣ የልብስ ሰፊዎች ስልክ ሁሉ እዚያ እንደሚገኝ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ገበያው ሞቷልና ወሩ ሲያልቅ ሱቁን አስረክበው ቤት እንደሚቀመጡ ተናገሩ። ቤት ማን እንዳለ ጠየቅኳቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ማንም የለም። ያን ሲሉ የራሴን ቤት የሚያወሩ መሰለኝ።

«ባለፈው ወር ዘጠኝ ቀን ዘግተው ነበር» አለች ሀፍሷ።

«ታምሜ ነዋ። ማን ጠየቀኝ?»

«አፍራ የምትባለው ልብስ ሰፊ ሦስት ጊዜ መጥታለች። ለአንድ ትምህርት ቤት ጃኬት በሙሉ ገበር ፈልጋ። የት ሄዱ፣ ደህና ናቸው ወይ አለችኝ። ስልክዎ የለኝ፣ ቤትዎን አላየሁ። አላውቅም አልኳት። ጎረቤት ሆኜ እንዲያ ማለቴ አሳፈረኝ።»

ሥራው ስላመለጣቸው የሚቆጩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ምላጩን አስቀምጠው፣ «ደህና ናቸው ወይ አለች?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሀፍሷም እንደገና ነገረቻቸው። አንድ ጊዜ ሰምተው የጠገቡ አይመስሉም ነበር።

ቆየት ብለው እስኪርቢቶ ጠየቁና፣ በፋቁት ካርቶን ቁራጭ ላይ ስልካቸውን በትልልቁ ጽፈው ሰጧት።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልኩ ተማሪዎቼን ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ለነጋዴ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ገባኝ። ምስጢር መጠበቅ ከአንድ ሌባ ያድን ይሆናል፤ መቶ ደንበኛ ግን ያሳጣል። የሚተዋወቁ ነጋዴዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ሱቁን ያይለታል፤ የጎደለውን ዕቃ ይሞላለታል፤ ፈላጊውንም በሩ ድረስ ያመጣለታል።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ሌላ ቁልፍ ላልቶብኛል ብዬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር አልላላም ነበር። ወሩ አልቆም ሱቁ አልተለቀቀም፤ ሽማግሌው ግን የሉም።

«ጋሼ ዘከሪያስ?»

«ጁምዓ ገብተዋል። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳሉ» አለች ሀፍሷ የእሳቸውን ገበር ለአንዲት ሴት እየለካች። አፍራ ናት አለችኝ፤ ለሚቀጥለው ሥራዋ መጥታ ነው። ቀጥላም፣ «እርስዎም ስልክዎን ይተዉልኝ እንጂ» አለችኝ።

ስልኬን ሰው ከጠየቀኝ ስንት ጊዜው ነው? እንዳትሳሳት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

ቤቴ ስገባ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ሳል ተሰማኝ። ስሙ ማን ነበር? አላውቅም። ኮቴን ሳላወልቅ ተመልሼ ወጣሁና በሩን አንኳኳሁ።