የዘበኛው ክፍለ ጊዜ

ይህ ወሬ ያስከፈለኝ አንድ ዩኒፎርም ነው። ከከፊራ ገበያ ሃያ የተማሪ ዩኒፎርም ይዤ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ሱቄ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ አንዲት መምህርትና የትምህርት ቤቷ ዘበኛ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ የዓለም ዜግነት ትምህርትን ከእንግዲህ ሁላችንም ነን የምናስተምረው። እርስዎም በሩ ላይ።»

«አቦ ቲቸር፣ እኔ ደግሞ ምን አስተምራለሁ?»

«ዛሬ ከገጠር፣ ከጀልዴሳ የመጣችውን ልጅ ዩኒፎርም የለሽም ብለው መለሷት። እኔ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው እያልኩ ነበር።»

«እኔም አላዳላም። በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ነው የምመልሳቸው።»

«ነገ ብትመጣስ?»

«ያለ ዩኒፎርም አይገባም የሚለውን ደንብ በር ላይ ስቀል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«ዳይሬክተሯን አሳምኛለሁ። ጠዋት አብረን እናወርደዋለን።»

«ከፍ አድርጌ ነው የሰቀልኩት። መሰላል አመጣለሁ።»

አንዱን ለመምህርቷ ሰጥቼ፣ አሥራ ዘጠኝ ዩኒፎርም ይዤ ወረድኩ።