ሦስተኛዋ

ቅዳሜ ረፋድ፣ ኮምቦልቻ፤ ራሕማ አስቸጋሪ ጠባይ ያለባቸውን ልጆች በከበሮ ምት በምታክምበት የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ፣ ጡረተኛው ዳይሬክተር አቶ ዓለምሰገድ የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሶልያናን ይዘው መጥተዋል፤ ልጅቱ ጥግ ላይ ከአንድ ከበሮ አጠገብ ተቀምጣለች።

አቶ ዓለምሰገድ፦ አንዲት ማኅተም ናት የጠየቅሁሽ ልጄ። ይህን ያህል ምን ያነታርካል?

ራሕማ፦ ማኅተሟ «ሕክምናውን ጀምራለች» ነው የምትለው። አልጀመረችም። ከበሮው አጠገብ ከተቀመጠች ሩብ ሰዓት ሆናት፣ ገና በጣቷ አልነካችውም።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ካልቀረብኩ ያባርሯታል። ይሄ ሦስተኛ ትምህርት ቤቷ ነው። አራተኛ የሚቀበላት የለም፤ ሁሉንም ደጅ ጠንቼ ጨርሻለሁ።

ራሕማ፦ ደጅ መጥናት ይከብዳል፣ አይደል?

አቶ ዓለምሰገድ፦ ምን ለማለት ነው?

ራሕማ፦ ምንም። ይቀመጡ፣ ፎርሙን እንሙላ። ትምህርት ቤቱ የጻፈውን ደብዳቤ ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው፤ ንባብ ያውቁበታል።

አቶ ዓለምሰገድ፦ በምን አወቅሽ? እሺ። «ተማሪ ሶልያና የክፍል ጓደኞቿን ትማታለች። ሁለት ጊዜ መትታ ዝም ትላለች፤ የተመታው ልጅ አለቀ ብሎ ፊቱን ሲያዞር ተመልሳ ትመታዋለች።» አጋነውታል። የልጅ ጠብ ነው።

ራሕማ፦ አለቀ ብሎ ፊቱን ሲያዞር። እናቷ የት ናት?

አቶ ዓለምሰገድ፦ ሎጊያ፣ አፋር በረሃ። ነርስ ናት፤ በወር አንዴ ትመጣለች። ልጅቱን ለእኔ በአደራ ሰጥታ ነው የሄደችው። ባለፈው «አባዬ፣ ካቃተህ እወስዳታለሁ፤ ሙቀቱን አብረን እንችለዋለን» አለችኝ። ሶልያናን ከወሰደችብኝ እኔ አለቀልኝ። በዚያ ቤት «አያዬ» የሚለኝ ሌላ ሰው የለም።

ራሕማ፦ ቀጣዩ ጥያቄ። ቤት ውስጥ ልጅቱን የሚመታት ሰው አለ?

አቶ ዓለምሰገድ፦ የለም ብለሽ ጻፊ።

ራሕማ፦ የለም ነው፣ ወይስ የለም ብዬ ልጻፍ ነው?

አቶ ዓለምሰገድ፦ የለም አልኩሽ እኮ። አንቺም መርማሪ ሆንሽብኝ።

ራሕማ፦ ቀኝ እጇ ላይ፣ የጣቷ አንጓ ያበጠው ምን ሆና ነው?

አቶ ዓለምሰገድ፦ እሱማ ከደረጃ ወድቃ ነው።

ራሕማ፦ ቤትዎ ፎቅ ነው?

አቶ ዓለምሰገድ፦ የምን ፎቅ አመጣሽ? የጡረተኛ ቤት ነው፤ ደልዳላ መሬት ላይ የተሠራ ጭቃ ቤት።

ራሕማ፦ እኔም ከደረጃ ወድቄ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ያ ደረጃ ዛሬም ሰው ይጥላል ማለት ነው።

አቶ ዓለምሰገድ፦ የትኛው ደረጃ?

ራሕማ፦ ይቺን የመሃል ጣቴን ይዩዋት። አትታጠፍም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዴስክ ስደበድብ ተያዝኩ። እናቴ የሠርግ ከበሮ መቺ ነበረች፤ እጄ ዝም ማለት አያውቅበትም። ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ከቢሮ ስወጣ ለእናቴ ደብዳቤ ይዤ ነበር፤ «ተማሪ ራሕማ እንድሪስ ከደረጃ ወድቃ ጣቷ ተጎድቷል» የሚል፣ በሚያምር ቁም ጽሕፈት። ትምህርት ቤታችን ግን አንድም ደረጃ አልነበረውም፣ ጋሼ። ከዳር እስከ ዳር መሬት ለመሬት የተዘረጋ ቆርቆሮ ቤት ነበር።

አቶ ዓለምሰገድ፦ የሐዋ ልጅ። የከበሮ መቺዋ የሐዋ ልጅ ነሽ።

ራሕማ፦ ዴስክ ደብዳቢዋ። ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ጊዜው እንዲያ ነበር። ሁሉም መምህር ይመታ ነበር። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል። ይኸው አንቺም ሰው ሆነሽ አየሁሽ።

ራሕማ፦ ሰው የሆንኩት በግራ እጄ ነው። በቀኜ ብዕር መያዝ አቅቶኝ ፈተናው አለፈኝ። አራት ዓመት ሰው ቤት ልብስ አጠብኩ። ከዚያ እንደ አዲስ ተመዝግቤ ከልጆች ጋር ስምንተኛ ክፍል ተቀመጥኩ፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ «እማማ» ይሉኝ ነበር። ይህን ሙያ እስክይዝ ድረስ የት የት እንደወጣሁ እንደወረድኩ እርስዎ አይጠይቁኝ፣ እኔም አልንገርዎት።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፣ ልጄ።

ራሕማ፦ እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም፤ ከበሮ ላይ ነኝ። ልጄም አይበሉኝ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ሶልያናን ያየው ሐኪም «ራሕማ ዘንድ ይሂዱ» ሲለኝ አንቺ መሆንሽን ባውቅ አልመጣም ነበር።

ራሕማ፦ እኔ ግን ስምዎን ቀጠሮ መዝገቡ ላይ ያየሁ ዕለት ነው ያወቅሁዎት። ቀጠሮዎ ሁለቴ የተዛወረው አዳራሹ ሥራ በዝቶበት መስሎዎታል? እኔ ነኝ ያዛወርኩት። በዚያ ፀሐይ ዳገቱን ወጥተው ባዶዎን ሲመለሱ በመስኮት አይቼዎታለሁ። ልጅቱ አብራዎት ስላልነበረች ደስ አለኝ፤ ብቻዎን ስለደከሙ ደግሞ የበለጠ ደስ አለኝ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አለ ያገሬ ሰው።

ራሕማ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አለ ያው ያገርዎ ሰው።

አቶ ዓለምሰገድ፦ እንግዲያው በእኔ ተበቀይ። ልጅቱን ተያት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ የከበሮ ሕክምና የምትሉት ነገርም አልገባኝም። ሰው ለምትማታ ልጅ ጭራሽ መምታት ታስተምሪያታለሽ?

ራሕማ፦ መምታቱንማ ችላ መጥታለች። እኔ የማስተምረው ማቆም ነው። ልጅ የፈለገውን ይመታል፤ እኔ ያንኑ እመልስለታለሁ። ሰማችኝ ሲል ይረጋጋል። ቀስ አድርጌ ሳዘገየው አብሮኝ ይዘገያል፣ ሳቆም ያቆማል። አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ በስድስት ወር። እዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ ልጅ ይመራል፣ ትልቅ ሰው ይከተላል።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ዓለም ተገለበጠች በይኛ።

ራሕማ፦ ዝም ይበሉ። እጇን ከበሮው ላይ አሳረፈች።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ልሂድና ላሳያት?

ራሕማ፦ አይንቀሳቀሱ። ሶልዬ፣ ያሰኘሽን ምቺ፤ ማንም አይቆጣሽም። እሰይ። ይሰማሉ፣ ጋሼ? በመዳፏ ቆዳው ላይ ሁለቴ። ዝም። ከዚያ በግራ እጇ አንጓ የእንጨቱን ጠርዝ አንዴ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ልጅ ያገኘውን ይነካካል።

ራሕማ፦ ደገመችው። ሁለት፣ ዝም፣ ጠርዙ ላይ አንድ። ይሄን ምት በሠርግ አልሰማሁትም፣ በመውሊድ አልሰማሁትም፣ እናቴም አታውቀውም ነበር። እኔ ግን አውቀዋለሁ። በዚች ጣቴ አውቀዋለሁ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ምን ልትዪ ነው?

ራሕማ፦ ሁለቱን መዳፍ ላይ ያሳርፉና ዝም ይሉ ነበር። አለቀ ብለን እጃችንን መለስ ስናደርግ «እጅ አይሰበሰብም» ይሉና ሦስተኛዋን አንጓ ላይ። በማስመሪያው ጠርዝ። ተማሪው ምን ብሎ ይጠራዎት እንደነበር ያውቃሉ? አቶ ሦስተኛዋ። ጥበቃው ሳይቀር።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ራሕማ፦ ማስመሪያውስ ጡረታ ወጣ?

አቶ ዓለምሰገድ፦ ነገር አታጣምሚ።

ራሕማ፦ ድሮ የሚይዙት ግራ እጅጌዎ ውስጥ ነበር። ዛሬም ከገቡ ጀምሮ ግራ ክንድዎን አላጠፉትም። ኮትዎን ባስተካከሉ ቁጥር ደግሞ ልጅቱ አንገቷን ትሰብራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ለማስፈራራት ነው የምይዘው። በሳምንት ሁለቴ ብነካት ነው።

ራሕማ፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ሌላ መላ አላውቅማ። ስትጮህ፣ ዕቃ ስትሰብር ምን ላድርግ? አርባ ዓመት ሳስተምር ሌላ ነገር ያሳየኝ ሰው የለም። ክፉ ሰው አይደለሁም። መትቻት እንኳ የምታለቅሰው እኔኑ አቅፋ ነው።

ራሕማ፦ እሱ ነው አንጀቴን ያሳረረው። እኔ እንኳ የማቅፋት እናት ነበረችኝ። በሉ፣ ብዕሩን ይያዙ። ያቺን ጥያቄ በራስዎ እጅ ይመልሷት። ፎርሙ ላይ እናቷ መፈረም አለባት፤ አንዱ ቅጂ ሎጊያ ይሄዳል።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ያንን ካነበበች በማግሥቱ መጥታ ትወስዳታለች።

ራሕማ፦ ትወስዳት፣ ትተዋት እሷ ታውቃለች። እናቴን ግን ደረጃ ብለው ዋሿት፤ የማታነብ ሴት፣ ደብዳቤውን ጎረቤት አንብቦላት አመነች። እስክትሞት ድረስ ያንን ደረጃ ስትረግም ኖረች። አንዲት እናት ማታለል ይበቃዎታል።

አቶ ዓለምሰገድ፦ እሺ፣ ይኸውልሽ ማስመሪያው። እጄም ይኸው። ሦስት አይደለም ሠላሳ ምቺኝና ይውጣልሽ። ለልጄ ግን ያንን ወረቀት አትላኪብኝ። ሽምግልናዬን እዪልኝ።

ራሕማ፦ ወላሂ፣ ይቺን ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ልብስ ሳጥብ እያንዳንዱን ልብስ እርስዎን አድርጌ ነበር የምወቃው።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ታዲያ ምቺኛ። ምን ትጠብቂያለሽ?

ራሕማ፦ ብመታዎት ይቀልልዎታል። «ከሐዋ ልጅ ጋር ተወራረድን» ብለው በሰላም ይተኛሉ። አልመታዎትም። ይጻፉ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ በገዛ እጄ?

ራሕማ፦ የእናቴን ደብዳቤም በገዛ እጅዎ ነው የጻፉት። ይጻፉ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ጻፍኩ። «አለ። አያቷ ዓለምሰገድ፣ በማስመሪያ።»

ራሕማ፦ ጽሕፈትዎ ዛሬም ያምራል። ይኸው ማኅተሙ፤ አሁን ጀምራለች። ሰኞ ትምህርት ቤቷ ትገባለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ትመጣለች፣ እርስዎም አብረዋት።

አቶ ዓለምሰገድ፦ እኔ ደግሞ ምን ልሠራ?

ራሕማ፦ ሊከተሉ ነዋ። ከአሁኑ እንጀምር። የልጅቱ እጅ አብጧል፣ በእጇ እንድትመታ አልፈልግም። ማስመሪያውን ለሶልያና ይስጧት። እርስዎ ከበሮውን ጭንዎ ላይ ያድርጉና በሁለት እጅዎ አቅፈው ይያዙላት። ጣቶችዎ ጠርዙ ላይ ይሁኑ።

አቶ ዓለምሰገድ፦ ጠርዙ ላይ? ሦስተኛዋ የምታርፈው እዚያ አይደል እንዴ?

ራሕማ፦ ምቱን ያውቁታል፣ ጋሼ። እጅ አይሰበሰብም።