የረዳት አሰልጣኙ ሹመት

ንጉሡ ወርደው ረሃቡ ግን ገና ሳይለቅ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። አቀስታ ላይ የተሳፈሩ ነጋዴ ሽማግሌ ከፊቴ የተቀመጠውን ወጣት ወሬ አስጀመሩት።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ኮሌጅ ውስጥ የቮሊቦል ረዳት አሰልጣኝ ነበርሁ፣ አባቴ።»

«ረዳት ምን ይሠራል?»

«ዋናው ይቆጣል፣ እኔ ኳስ እለቅማለሁ። ኮሌጁ ሲዘጋ ለዘመቻ መካነ ሰላም፣ የረሃብተኞች መጠለያ ላኩኝ።»

«እዚያ ደግሞ ምን ኳስ አለ?»

«ለአብዮቱ በዓል ቡድን አቋቁም የሚል ትእዛዝ መጣ። ለስፖርተኛ የእህል ድርሻው እጥፍ ነው ይላል።»

«ያ ረቢ! የተራበ ሰው ሊዘል?»

«እኔም አሰብሁና በጣም የደከሙትን መርጬ ሠላሳ ሰው መዘገብሁ።»

«ጨዋታው ስንት ሰው ይፈልጋል?»

«ስድስት።»

«የቀሩትስ?»

«ተቀያሪ ናቸው ብዬ ጻፍሁ።»

«ዕድሜያቸውን አልጠየቁህም?»

«ጠየቁኝ። ልምድ ያላቸው ናቸው አልሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ታዲያ አልታሰርህም?»

«ይልቅ ተሾምሁ። ትልቅ ቡድን አደራጅተሃል ብለው ዋና አሰልጣኝ አደረጉኝ። ቡድንህን ይዘህ ለውድድር ደሴ ቅረብ አሉኝ።»

«ወየው! ምን ይበጅህ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ይዣቸው መጣሁ።»

«የታሉ?»

«እዚሁ ናቸው። ግማሾቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ቦታ ያጡት ቆመዋል። ደሴ ሆስፒታል አለ፣ አባቴ። ከውድድሩ በፊት ሐኪም ይመርምራቸው ብዬ እጠይቃለሁ።»

እኔም ተነሥቼ፣ ከአጠገቤ ምርኩዝ ይዘው ለቆሙት ተጫዋች መቀመጫዬን ለቀቅሁ።