ለሲስተር ያልዋሸሁ ቀን
ሆዴን ሲያቃጥለኝ ሰንብቶ ፍኖተ ሰላም ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩላችሁ። ፍቅረኛዬ ብርቱካን ውጭ ቀረች፤ ሰፈሩ የአክስቴ ልጅ ናት ብሎ ነው የሚያውቃት። በዕድሜ ጠና ያሉት ነርስ «እርግዝና እንዳይሆን?» አሉኝ። «አይሆንም» አልኳቸው። «እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?» ሌላ ጊዜ ቢሆን ዋሽቼ እወጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሕመሙ አስመርሮኝ «ሲስተር፣ እኔ የምወደው ሴት እንጂ ወንድ አይደለም» አልኳቸው።

ብድግ ብለው በሩን ሲዘጉት ጉዴ ፈላ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውጭ ያለችው ናት?» ሲሉኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። «ጥሪያታ! ጨጓራ ነው የሚመስለኝ፤ ሚጥሚጣ የሚከለክልሽ ሰው ያስፈልጋል።» ብርቱካን ተጠርታ ገብታ ሲስተር ይህንኑ ሲነግሯት «እሰይ! እኔ ስነግራትማ መች ሰምታኝ!» ብላ ጮኸች። ሦስታችንም ሳቅን። ሐኪም ቤት ገብቼ ሳልዋሽ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።