አብሽ የተጠቀለለበት መጽሐፍ

አባቴ ከምሽግ በላከልን ፎቶ ላይ በትከሻው የተሸከመው ብረት ምን ይሆን? እሱ ሳይመለስ ቀረ፤ ጥያቄው ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ስለ ምሽግ ጦር መሣሪያዎች የተጻፈ መጽሐፍ እንዳለ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሰምቼ ብፈልግ፣ መጽሐፍ ሻጮቹ «መታተም ካቆመ ቆየ» ይሉኛል።

በቀደም ሐሙሲት ገበያ አንዲት አሮጊት አብሽ በመጽሐፍ ገጽ ጠቅልለው ሰጡኝ። ገጹ ላይ ያ ብረት ተስሏል፤ ከሥሩ «የሞርታር አፈሙዝ» ይላል።

«እማማ፣ የቀረውን መጽሐፍ ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«ታዲያ አብሹን በመዳፌ ልስጥ፣ ልጄ?»

«የድሮ ደብተሮቼን አመጣልዎታለሁ።»

ስቀው ሰጡኝ። የሞርታሩን ክብደትም፣ የሚመታበትን ርቀትም አነበብኩ። አባቴ ግን ያው እንደናፈቀኝ ነው። ፎቶው ላይ አብሮት የቆመው ጓደኛው ጉና ተራራ ሥር ይኖራል፤ ሰው ስለማፍር ሄጄ ስለ አባቴ ጠይቄው አላውቅም። ቅዳሜ ልሄድ ወስኛለሁ።