መጋዝ የሚበላው

ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አንዲት ወጣት መምህርት የተማሪዎቿን ደብተሮች በጉያዋ ሸጉጣ መንገድ ዳር ካለው የአናጢ ሱቅ ደጃፍ ተጠለለች። አናጢው የቁም ሣጥን መዝጊያ እየላገ ነበር።

«ይግቡ እንጂ፤ እዚያ ቆመው ከሚበሰብሱ» አለና ከበርጩማው ላይ ሰጋቱራውን በክርኑ ጠረገላት።

አመስግና ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ከሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር አረፈ። ጠረጴዛው እንዳይንገዳገድ ታጥፎ የተወሸቀው ወረቀት የትምህርት ቤቷ ማኅተም አለበት። «ወላጅ በአስቸኳይ ይቅረብ» ይላል። ጽሑፉ የራሷ ነው።

«ጋሼ፣ ለካ የዚያች የስድስተኛ ክፍሏ ልጅ አባት እርስዎ ነዎት። ሦስት ደብዳቤ ልኬ ነበር።»

«ሦስቱም እዚያው ናቸው። አንዱ ብቻውን ቀጭን ሆኖ አልበቃም።» መላጊያውን አላቆመም።

መምህርቷ ሳቋን ዋጠች። «ለምን አልመጡም?»

«እስቲ እኔ ልጠይቅዎት። ወላጅ ጠርታችሁ ‹ልጅህ ጎበዝ ናት› ብላችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ አባት ተሸካሚ ነበር። መስኮት ሰብሬ ተጠራና ከነጆንያው ከሥራ መጣ። ርዕሰ መምህሩ በሰልፉ ፊት አቁሞ እንደ ሕፃን ተቆጣው። አባቴ ‹ይቅርታ ጌታዬ› ሲል ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እኔም አልተመለስኩም። ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረሁት ሰንፌ አይደለም።»

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አናጢው ግን የዚያን ርዕሰ መምህር የክራባት ቀለም እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ቡናማ ነበር። የተማረ ሰው ድሃውን በሰው ፊት ሲያዋርድ ደመወዝ የሚጨመርለት ያህል ነው የሚተጋው።

«ነውር ነው፤ ማስተባበያ የለኝም» አለች መምህርቷ። «ልጅዎ ግን ክፍል ውስጥ አፏን ከዘጋች ሁለት ወር ሆናት። ሒሳብ እየወደቀች ነው። ትለፍ ወይስ ትድገም የሚለውን አርብ እንወስናለን። ምን እንደነካት የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።»

«ማስተማር የእናንተ ሥራ ነው። እኔ ሣጥን ስሠራ ደንበኛዬን ና አግዘኝ እላለሁ?»

«አይሉም። ግን ከመሥራትዎ በፊት ቤቱ ሄደው በሩን አይለኩም?»

«ካልለካሁማ በምን ይገባል» አለ ሳይወድ።

«እኛ እኮ ሳንለካ ነው የምንሠራው፣ ጋሼ። ልጆቹ ከየት ቤት እንደሚመጡ አናውቅም።»

ከደብተሮቹ መሃል የልጅቷን አወጣች። ጥያቄው መቶ ሃያ ሴንቲ ሜትር ጣውላ ለአራት እኩል ቢቆረጥ እያንዳንዱ ስንት ይሆናል የሚል ነው። ልጅቷ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ብላለች። በላዩ ቀይ ኤክስ ተሰምሮበታል።

«ይህን ያን ሰሞን ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት» አለች መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጆቹ ሳቁባት።»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። ደብተሩን አገላብጦ አየና ከጆሮው ላይ እርሳሱን አነሳ።

«ልክ ናት።»

«እንዴት ልክ ትሆናለች?»

«መጋዝ ይበላላ። አራት ለማውጣት ሦስት ጊዜ ትቆርጫለሽ። ይሄ መጋዝ በቆረጠ ቁጥር አራት ሚሊ ሰጋቱራ ያደርጋል። ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት ሚሊ፤ አንድ ነጥብ ሁለት ሴንቲ ማለት ነው። እሱን ቀንሰሽ ለአራት አካፍይ።» አንቱታው ሳያውቀው ቀርቷል።

መምህርቷ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ አሰላች። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት።

«እንግዲህ የወደቅኩት እኔ ነኝ» አለች። «ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት ኖሮ ጎበዝነቷን ያን ቀን አውቅ ነበር። እርስዎም መጥተው ቢሆን ፈተና ላይ መጋዙን እርሺው ብለው ይመክሯት ነበር።»

አናጢው እርሳሱን ወደ ጆሮው መለሰ። ልጁ ቤትም ዝምተኛ ሆናለች። እሱ ግን አደገች፣ አስተዋይ ሆነች ብሎ ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ነበር የከረመው።

«ብመጣ የት ነው የምታቆሙኝ?»

«አናቆምዎትም። ወንበር አለን።»

«ወንበራችሁን አውቀዋለሁ፤ ይነቃነቃል።»

«እንግዲያው መዶሻ ይዘው ይምጡ።»

አርብ ሲደርስ ዘበኛው በሩ ላይ «ልጅህ ምን አጠፋች?» አለው።

«ምንም። ሊያማክሩኝ ጠርተውኝ ነው» አለ አናጢው፤ ከኋላው የቆሙት ወላጆች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ወጥታ አንዴ በመጋዝ፣ አንዴ ያለ መጋዝ አስልታ አሳየች፤ ሌሎቹንም ጥያቄዎች ሠራች። እንድታልፍ ተወሰነ። መምህርቷ በስህተት ክፍሉን ያሳቀችባት እሷ ራሷ መሆኗን በክፍሉ ፊት ተናገረች፤ ይህን የሚያደርግ መምህር አናጢው በሕይወቱ አይቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወላጅ የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ መሆኑ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ እናት ስለ ልኬት፣ ሾፌሩ አባት ስለ ፍጥነትና ርቀት ለተማሪዎቹ አስረዱ። መምህራኑ የማን ቤት መብራት እንደሌለው፣ የትኛው ልጅ ታናናሾቹን ጠባቂ እንደሆነ አወቁ። ያኔ ሰነፍ ሲባሉ ከነበሩት ግማሾቹ ሰነፍ አለመሆናቸው ታወቀ። ትምህርት ቤትና ቤት ተኳርፈው ሲኖሩ የሚጎዳው መሃል ያለው ልጅ ብቻ ነው።

ያን አርብ አባትና ልጅ አብረው ተመለሱ። ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ሱቁ ድረስ አንዴ እንኳ አፏን አልዘጋችም። አናጢውም በቃሽ አላላትም፤ እንዲያውም ሩቁን መንገድ ይዞ ነበር የሄደው።